የሲሞኖቭ ጠብመንጃ ማነጣጠሪያን ስለ ማስተካከል፦ በጅማ ዙሪያ ከሚሠሩ ጥበቃዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም ሲጠባ፣ ቀይ ቡና ለለቀማ ሊደርስ ሲል፣ በጅማ ዙሪያ ያሉ የቡና ማጠቢያዎችና መጋዘኖች ጥበቃቸውን ያጠናክራሉ። ያን ጊዜ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ ወደ ከተማ ብቅ የሚሉ የጥበቃ ሠራተኞች በር ያንኳኳሉ። «ጋሼ፣ ይህ መሣሪያ አልመታ አለኝ» ይሉኛል። በወጣትነቴ በሠራዊት ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ ነበርሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጅማ ተቀምጬ ጥበቃዎችን አሠለጥናለሁ። አብዛኞቹ የሚይዙት ሲሞኖቭ ነው፤ በአንድ የምላጭ ስበት አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ፣ ቀጣዩን ጥይት ግን ራሱ የሚያጎርስ ጠብመንጃ። ስለዚህ መልሶቼ በእርሱ ላይ ያተኩራሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የት እንደሚመታ ባለቤቱ የማያውቀው ጠብመንጃ ሌባውን አያስፈራም፤ ጎረቤትን ግን ያሰጋል። ማነጣጠሪያ የሚስተካከለው ተኳሽ ለመባል አይደለም። ከአፈሙዝዎ የምትወጣ እያንዳንዷ ጥይት የምታርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ ለማወቅ ነው።

ማነጣጠሪያ ማስተካከል ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ የዓይንዎ መስመር ነው፤ ከኋላው ማነጣጠሪያ ክፍተት ተነሥቶ በፊተኛው ችካል ጫፍ ላይ አልፎ ዒላማው ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው የጥይቷ መንገድ ነው፤ ይህ ቀጥ ያለ አይደለም። ጥይቷ ከዓይንዎ መስመር በታች ካለው አፈሙዝ ትወጣለች፣ ሽቅብ ሄዳ መስመሩን ታልፋለች፣ ከዚያ ምድር እየሳበቻት ትወርዳለች። ማስተካከል ማለት እነዚህ ሁለት መስመሮች እርስዎ በመረጡት ርቀት ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። አንዳንዶች «ዜሮ ማድረግ» ይሉታል፤ ነገሩ አንድ ነው።

ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ያስፈልግዎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ወደ መተኮሻ ቦታ ከመሄድዎ በፊት በመሣሪያው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከፈቃድ ወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። የመያዝ ፈቃድ ደግሞ በፈለጉበት ስፍራ የመተኮስ ፈቃድ አይደለም። የት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚተኩሱ ከአካባቢዎ ፖሊስ ጋር ተነጋግረው ይጨርሱ። ወረቀት የሌለው መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው እኔ ዘንድ ቢመጣ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል እንጂ መሣሪያውን አልነካለትም።

ቡና ማሳው ውስጥ፣ ከጥላ ዛፎቹ ሥር ብተኩስ ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የሲሞኖቭ ጥይት የክላሽንኮቭም ጥይት ነው፤ ውፍረቱ 7.62 ሚሊሜትር፣ የቀለሁ ርዝመት 39 ሚሊሜትር። ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 735 ሜትር ይበራል። እስከ 1500 ሜትር ድረስ የመግደል ኃይል አለው፤ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ከተተኮሰ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆመው ዙሪያውን ይመልከቱና 3 ኪሎ ሜትር በዓይንዎ ይለኩ። ስንት የሣርና የቆርቆሮ ክዳን ይቆጥራሉ? ስንት ከብት የሚጠብቅ ልጅ? የጅማ ገጠር ባዶ የሚመስለው ከመንገድ ሲያዩት ብቻ ነው። ከቡናው ሥር ለቃሚ አለ፣ ከለቃሚው ጀርባ ቤት አለ፣ ከቤቱ ጀርባ የውኃ መንገድ አለ።

ስለዚህ መተኮስ የሚገባው ጥይቱን የሚውጥ ከፍ ያለና ወፍራም የአፈር ግድግዳ ባለበት፣ ለዚሁ ተብሎ በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው። የእኛ አካባቢ ቀይ አፈር ጥይትን ጥሩ አድርጎ ይውጣል፤ ድንጋይ ግን ይመልሰዋል። ከግድግዳው ላይ የሚታየውን ድንጋይ ሁሉ አስቀድመው ይልቀሙ። ውኃም እንደ ድንጋይ ነው፤ ጥይት ዝቅ ብሎ ሲመታው ይነጥራል። ወደ ረግረግና ወደ ወንዝ አቅጣጫ ፈጽሞ አይተኩሱ። በሁለቱም ጎን መንገደኛ የሚያስቆም ሰው ይቁም፤ ቀይ ጨርቅም ይሰቀል። እነዚህ ካልተሟሉ ሌላ ቀን ይሁን።

ከመተኮሴ በፊት መሣሪያውን ምን ልመርምር?

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርገው ከሥር ያለውን 10 ጥይት የሚይዘውን ካዝና ይክፈቱና ያራግፉ፤ ከዚያ የማጎረሻውን መያዣ ወደ ኋላ ስበው የጥይት ጉሮሮውን በዓይንዎ ይዩ፣ በጣትዎም ይዳብሱ። ዓይን ብቻ አይበቃም፤ በጭጋጋማ ጠዋት ዓይን ያታልላል።

ቀጥሎ የመምቻውን መርፌ ይመርምሩ። በሲሞኖቭ ብዙው መሣሪያ ላይ ይህ መርፌ ያለ ምንም ጠምዛዛ ሽቦ በቤቱ ውስጥ እንዲሁ ይመላለሳል። ቤቱን ፈትተው በእጅዎ ሲያናውጡት መርፌው ወዲያና ወዲህ ሲል ድምፁ መሰማት አለበት። ዝም ካለ አሮጌ ቅባት ወይም ዝገት ይዞታል ማለት ነው። ወደ ፊት ወጥቶ የቀረ መርፌ ገና ጥይት ሲጎርስ፣ ምላጭ ሳይሳብ ሊያስተኩስ ይችላል፤ አንዱ አልፎ ሌላውም ሊከተል ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ተኩስ ሁልጊዜ በአንድ ጥይት ብቻ የማስጀምረው።

ከዚያ እንጨቱ። አንድ እጅዎን ሰደፉ ላይ፣ ሌላውን አፈሙዙ አጠገብ አድርገው ቀስ ብለው ያወዛውዙ። ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ድካም ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ተኩስ ቦታውን ይቀይራል። ሐምሌና ነሐሴን ዝናብ ሲደበድበው የከረመ እንጨት ያብጣል፣ ኅዳር ላይ ሲደርቅ ይላላል። የፊተኛው ችካልና እርሱን የያዘው ክብ ብረትም በጣት ሲገፉ መነቃነቅ የለባቸውም። የኋላውንም ማነጣጠሪያ እንዲሁ ይፈትሹ።

በመጨረሻ አፈሙዙን። የጉሮሮውን፣ ማለትም ጥይቷ የምታልፍበትን የብረቱን ቀዳዳ፣ ዘይት በደረቅ ጨርቅ ያውጡ፤ ዘይት የሞላበት ጉሮሮ የመጀመሪያዋን ጥይት ሌላ ቦታ ይጥላታል። የአፈሙዙ ጫፍ ከተሸራረፈ ጥይቷ ስትወጣ ጋዙ በአንድ ጎን ይገፋታል። ይህ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተኩስ ሳይሆን ከመጥረጊያው ዘንግ ነው። ሲሞኖቭ ከአፈሙዙ በኩል ስለሚጠረግ ዘንጉ ጫፉን እየፋቀ ይበላዋል። ከመጥረጊያው ዕቃ ጋር የሚመጣው ክዳን ዘንጉን መሐል ለመሐል ለመምራት የተሠራ ነው፤ አይጣሉት።

በስንት ሜትር ላስተካክል?

ለጥበቃ ሥራ 100 ሜትር በቂ ነው። መሣሪያው ከዚህ በፊት የት እንደሚመታ ጨርሶ ካልታወቀ ግን መጀመሪያ በ25 ሜትር ይሞክሩ፤ ጥይቷ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ ታርፋለች። በ25 ሜትር ካነጣጠሩበት ነጥብ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብላ ብትመታ ልክ ናት፤ ገና ወደ ዓይንዎ መስመር እየወጣች ነው።

እንዴት ተቀምጬ፣ እንዴት ላነጣጥር?

መሣሪያውን ለማስተካከል ሲተኩሱ የሚፈተነው መሣሪያው ነው፤ የእርስዎ ጡንቻ አይደለም። ስለዚህ ቆመው አይተኩሱ። እኔ የማዘጋጀው ቀላል ነው፦ ሁለት የቡና ጆንያ እስከ ግማሽ አሸዋ ይሞላል፣ አፉ ይሰፋል፣ አንዱ በሌላው ላይ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል። መቀመጫውም የጅማ በርጩማ ነው። ባለ ሦስት እግሩን ነው የምመርጠው፤ ሦስት እግር በወጣ ገባ መሬት ላይ አይወላገድም፣ አራት እግር ግን ይወላገዳል። የአገራችን ጠራቢዎች ከአንድ ግንድ የሚያወጡት ያ ዕቃ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስለኛል።

ጆንያው ላይ የሚያርፈው እንጨቱ ይሁን፤ የብረቱ አፈሙዝ ራሱ በምንም ነገር ላይ አይደገፍ። ብረቱ ከተደገፈ ጥይቱ ከድጋፉ ይሸሻል፤ የሚያገኙት ውጤትም ውሸት ይሆናል።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። የፊተኛው ችካል ጫፍ ከኋላው ክፍተት ከንፈሮች ጋር እኩል ይሁን፤ ከፍም ዝቅም አይበል። በችካሉ በግራና በቀኝ የሚታየው ብርሃን እኩል ይሁን። ከዚያ ዓይንዎን ችካሉ ላይ ይትከሉት። ዒላማው ይደበዝዛል፤ ይደብዝዝ። ብዙ ጥበቃዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዓይናቸው ወደ ዒላማው ይሮጣል፣ ችካሉ በክፍተቱ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ወደ ጎን ሲሸሽ አያዩትም። ያ አንድ ሚሊሜትር በ100 ሜትር 21 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ስንዝር አይተናነስም።

ምላጩን በዝግታ ይሳቡ፤ መቼ እንደሚተኩስ ራስዎም አይወቁት። ትንፋሽዎን ግማሹን አውጥተው ይያዙ፤ ከስድስትና ከሰባት ሰከንድ በላይ ከያዙ ዓይን ይደክማል፣ ይተዉትና እንደገና ይጀምሩ።

ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ነፋሱ ገና አልተነሣም። ፀሐይ ከጎን ሆና የችካሉን አንድ ወገን ካበራችው ዓይን የበራውን ብቻ መሐል ያደርጋል። ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በሻማ ጢስ ችካሉን ጥላሸት ያልብሱት፤ ማብረቁ ይጠፋል።

ስንት ጥይት ልተኩስ? እያንዳንዱን እያየሁ ላስተካክል?

አያስተካክሉ። አንድ ጥይት ምንም አይነግርዎትም፤ መሣሪያው ነው የሳተው ወይስ እጅዎ ተንቀጥቅጦ ነው? አራት ጥይት በተመሳሳይ ነጥብ ላይ፣ ሳይቸኩሉ ይተኩሱ። አራቱም ከአንድ ካርቶን የወጡ ይሁኑ፤ የተለያየ ፋብሪካ ጥይት ከተቀላቀለ የተለያየ ቦታ ይመታል።

ከዚያ የአራቱን አማካይ ነጥብ ይፈልጉ። ይህን በእርሳስና በማስመሪያ እንዲህ እናደርገዋለን፦ ሁለት ቀዳዳዎችን በመስመር ያገናኙና መሐሉ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ምልክት ወደ ሦስተኛው ቀዳዳ መስመር ያስምሩ፤ ይህን መስመር ሦስት ቦታ ከፍለው ለመጀመሪያው ምልክት በሚቀርበው ክፋይ ላይ ሁለተኛ ምልክት ያኑሩ። ከሁለተኛው ምልክት ወደ አራተኛው ቀዳዳ አስምረው አራት ቦታ ይክፈሉት፤ አሁንም ለምልክቱ በሚቀርበው ክፋይ ላይ ያለው ነጥብ አማካዩ ነው። ከእንግዲህ የሚያዩት ይህን አንድ ነጥብ ነው፤ ቀዳዳዎቹን ይርሷቸው።

የሩሲያ ሠራዊት መመሪያ ለክላሽንኮቭ የሚጠይቀው በ100 ሜትር ከአራቱ ጥይቶች ቢያንስ ሦስቱ በ15 ሳንቲሜትር ክብ ውስጥ እንዲያርፉ፣ አማካዩም ከሚፈለገው ነጥብ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይርቅ ነው። ለሲሞኖቭም ይህን መለኪያ እጠቀማለሁ። የአንድ ሳንቲሜትር ልዩነት እያሳደዱ ጥይት አይጨርሱ፤ ይህ መሣሪያ ከዚያ በላይ አይሰጥም።

ወደ ግራ ይመታብኛል። ችካሉን ወዴት ልግፋው?

ወደ ግራ። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል፤ «ወደ ግራ ከሳተ ወደ ቀኝ አይገፋም ወይ?» ይላሉ። የኋላው ማነጣጠሪያ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። በሲሞኖቭ ግን የሚንቀሳቀሰው የፊተኛው ነው፤ የፊተኛው ደግሞ ስህተቱን ይከተላል። ግራ ከመታ ወደ ግራ፤ ቀኝ ከመታ ወደ ቀኝ። ዝቅ ብሎ ከመታ ችካሉን ወደ ውስጥ በማዞር ዝቅ ያድርጉት፤ ከፍ ብሎ ከመታ ወደ ውጭ በማዞር ከፍ ያድርጉት። ምክንያቱን ካሰቡት አይረሱትም፦ ችካሉ ዝቅ ካለ፣ ከኋላው ክፍተት ጋር እኩል እንዲሆን አፈሙዙን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንብዎታል፤ አፈሙዙ ከፍ ሲል ጥይቷም ከፍ ትላለች።

ምን ያህል? በሲሞኖቭ ከኋላው ማነጣጠሪያ እስከ ፊተኛው ያለው ርቀት 480 ሚሊሜትር ነው። 100 ሜትር ደግሞ 100,000 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱን ካካፈሉ ችካሉ አንድ ሚሊሜትር ሲገፋ ጥይቷ 21 ሳንቲሜትር ገደማ እንደምትሄድ ያገኛሉ። 10 ሳንቲሜትር ለማስተካከል የሚያስፈልገው ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። የቢሮ ወረቀት አምስት ቅጠል ቢደራረብ ውፍረቱ ያን ያህል ነው፤ እስኪ ይንኩትና ይዩት። ሰው በመዶሻ መትቶ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልስ የሚውለው ይህን ልክ ስለማያውቅ ነው።

አንድ የአጋሮ ጥበቃ መሣሪያው በ100 ሜትር 40 ሳንቲሜትር ወደ ግራ እየመታበት ለዓመታት ይዞት ኖሯል። እርሱም ዓይኔ ደክሟል ብሎ አምኖ ነበር። ስናየው ችካሉን የያዘው ክብ ብረት ከቀድሞው መስመሩ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ተንሸራቷል፤ አንድ ጊዜ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ እንደነበር ያኔ ትዝ አለው። ዓይኑ ምንም አልሆነም ነበር። ሰውየው እንባ ሲተናነቀው አይቻለሁ፤ ሥራውን ሊለቅ አስቦ ነበርና።

የራሴንም ስህተት ልንገርዎ፤ እንዳይደግሙት። ገና ጀማሪ ሳለሁ መሣሪያውን ይዤ ከአፈሙዙ በኩል ፊት ለፊት ቆሜ ችካሉን ገፋሁ። ግራ ብዬ የገፋሁት የተኳሹ ቀኝ ነበር። ስህተቱ እጥፍ ሆነ፤ አለቃዬም ስምንት ጥይት በከንቱ ማስተኮሴን አልረሳልኝም። ከዚያ ወዲህ ገና ሳልነካው «ግ» እና «ቀ» የሚሉ ፊደላት ከሰደፉ በኩል ሆኜ በጠመኔ እጽፋለሁ።

በምን ልግፋው? መዶሻ ይሆናል?

ለዚህ ሥራ የተሠራ፣ ክቡን ብረት በጥምዝ እየገፋ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ አለ፤ እርሱ ከተገኘ ምንም አያስፈልግም። ካልተገኘ መሣሪያውን ፈትሾ ባዶነቱን ያረጋገጠ ባለሙያ እንጨቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሞርሳ ላይ ያስረውና በነሐስ ዘንግ ቀስ እያለ ይመታዋል። ብረት በብረት አይመታም። ችካሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረው መፍቻ ግን ከራሱ ከመሣሪያው ጋር ይመጣል፤ በሰደፉ ጫፍ ያለውን ክዳን ተጭነው ቢከፍቱ ከመጥረጊያው ዕቃ ጋር ተቀምጦ ያገኙታል። ሩብ ዙር አዙረው ይተኩሱ፣ ውጤቱን ይመዝግቡ፣ ከዚያ ይቀጥሉ።

ሲጨርሱ በክቡ ብረትና በመቀመጫው ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር በስለት ይጫሩ፤ አሮጌውን መስመር ያጥፉት። ወደፊት ከተንሸራተተ ሳይተኩሱ በዓይንዎ ያውቁታል።

በኋላው ማነጣጠሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

ከ1 እስከ 10 ያሉት የመቶ ሜትሮች ናቸው፤ 1 ማለት 100 ሜትር፣ 3 ማለት 300 ሜትር። ከ1 ኋላ ያለው የፊደል ወይም የመስመር ምልክት የውጊያ ቦታ ይባላል፤ ልኩ ከ300 ሜትሩ ጋር አንድ ነው። ማንሸራተቻው ሳያውቁት 3 ላይ ወይም ውጊያው ቦታ ላይ ከቆየ በ100 ሜትር ሩብ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይመታል። «ትናንት ልክ ነበር፣ ዛሬ ከፍ አለ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው። ስናስተካክል 1 ላይ ነው፤ ሲረከቡም 1 ላይ መሆኑን ይዩ።

እኔ ያስተካከልሁትን ባልደረባዬ ሲተኩስበት ሌላ ቦታ መታ። ለምን?

ጉንጩን ሰደፉ ላይ የሚያሳርፍበት ቦታ፣ ምላጩን የሚስብበት መንገድ፣ ዓይኑ የተለየ ስለሆነ። ጥቂት ሳንቲሜትር ከሆነ አይንኩት። አንድ መሣሪያ በሁለት ፈረቃ የሚያዝ ከሆነ ሁለቱም ይተኩሱበትና ልዩነታቸው በመዝገብ ይጻፍ።

ሳንጃው ታጥፎ ወይስ ተዘርግቶ?

በሚይዙበት መልክ። ሳንጃው ሲዘረጋ የአፈሙዙን ክብደትና ንዝረት ስለሚለውጥ ጥይቱ የሚያርፍበትም ቦታ ይለወጣል። ጥበቃ ታጥፎ ነው የሚይዘው፤ ታጥፎ ይስተካከል።

መሣሪያዬ ጋምቤላ ነበር የተስተካከለው። የጅማ ከፍታ አይለውጠውም?

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ ከ600 ሜትር በታች ናት። እዚህ አየሩ ቀለል ስለሚል ጥይቷን ያነሰ ይጎትታታል። በ100 ሜትር ግን ልዩነቱ በወረቀት ላይ አይታይም። የከፍታውን ነገር ይተዉትና የዝናቡን ያስቡ። እርጥበቱ እንጨቱን ያሳብጣል፣ ብረቱን ያዝጋል። ከድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይቶች ብዙዎቹ ከተተኮሱ በኋላ ጉሮሮ ውስጥ ጨው መሳይ ነገር ይተዋሉ፤ ያ ደግሞ የጅማን እርጥበት ይጠጣል፣ በአንድ ሌሊት ያዝጋል። በተኮሱበት ዕለት ጉሮሮውንና የጋዙን መንገድ በትኩስ የሳሙና ውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ስስ ዘይት ይቀቡ። ነገ አይበሉ።

ክላሽንኮቭ ላይም እንዲሁ ነው?

ደንቡ አንድ ነው፤ የፊተኛው ስህተቱን ይከተላል። ቁጥሩ ግን ይለያል። በክላሽንኮቭ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው 378 ሚሊሜትር ስለሆነ አንድ ሚሊሜትር በ100 ሜትር 26 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል።

አራቱ ጥይት በአራት ቦታ ቢበተንስ?

ማነጣጠሪያውን አይንኩ፤ የሚስተካከል አማካይ የለዎትምና። ሌላ ልምድ ያለው ሰው ይተኩስበት። ለእርሱ ከተሰበሰበ ችግሩ የእርስዎ አተኳኮስ ነው፤ በልምምድ ይድናል። ለእርሱም ከተበተነ የላላ እንጨት፣ የተሸራረፈ አፈሙዝ ወይም ያለቀ ጉሮሮ ይኖራል፤ ጥገና ይሂድ።

ምላጭ ስቤ ጥይቱ ሳይተኩስ ቢቀርስ?

አፈሙዙን ከአፈር ግድግዳው ላይ ሳያነሱ እስከ 30 ቁጠሩ። ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት አለ። ከዚያ ይክፈቱና ያውጡት። ድምፁ የደከመ ተኩስ ካጋጠመዎት ግን ሌላ ጥይት ፈጽሞ አይተኩሱ፤ የቀደመችው ጉሮሮ ውስጥ ቀርታ ሊሆን ይችላል። ባዶ አድርገው ጉሮሮውን በብርሃን ይዩ።

በየስንት ጊዜው ነው የሚስተካከለው?

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከቡና ለቀማ በፊት። ከዚያ ውጭ ሲወድቅ፣ እንጨቱ ሲቀየር፣ የጥይቱ ዓይነት ሲለወጥ፣ ወይም የጫሩት መስመር ሲዛነፍ።

በሠርግ ቀን ወደ ሰማይ ብተኩስስ?

የወጣችው ትወርዳለች፤ በየትኛው ቤት ክዳን ላይ እንደምትወርድ ማንም አያውቅም። በለቅሶ ያለቁ ሠርጎች በቂ ናቸው።

ጥበቃዬ ማታ ነው። ማነጣጠሪያው በጨለማ አይታየኝም፤ ታዲያ ማስተካከሉ ምን ይጠቅመኛል?

ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አንድ የቡና ማድረቂያ ጠባቂ ነበር፤ ጥያቄው እስካሁን ያሳስበኛል። መልሴ ይህ ነው፦ ችካሉ ካልታየዎት ከችካሉ ወዲያ ያለው ሰው ማን እንደሆነም አልታየዎትም። ያን ጊዜ የሥራ ዕቃዎ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስልክና ውሻ ናቸው። ድምፅ ተሰምቶ አይተኮስም። ጥላ ታይቶ አይተኮስም። መሣሪያው በቀን በትክክል የተስተካከለለት ሰው ይህን ይበልጥ ያውቃል፤ የአንድ ሚሊሜትር ስህተት ምን ያህል እንደሚያርቅ በወረቀት ላይ በዓይኑ አይቷልና።

ያው ጠባቂ ከወራት በኋላ ተመልሶ መጥቶ አንድ ነገር አጫወተኝ። ሌሊት ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ማካፋት ሲጀምር ከቡናው ማድረቂያ አልጋዎች መካከል ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው ያያል። መሣሪያውን ወደ ትከሻው ያነሣል፤ ችካሉን ይፈልጋል፣ አያገኘውም። ዝቅ አድርጎ «ማነህ?» ብሎ ይጣራል። የአንዲት ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ እናቱ የለፋችበት ቡና እንዳይበሰብስ ሸራ ሊያለብስ ከመኝታው ተነሥቶ የመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ጠባቂው መሣሪያውን በጀርባው አንግቶ፣ ልጁ የመጨረሻውን አልጋ ሸፍኖ እስኪጨርስ ድረስ ባትሪ አበራለት።